እመት ክፈቱት

እህቴን ተማሪዎቿ «እመት ክፈቱት» ይሏታል። ስሙን ማን እንዳወጣው እስከ ዛሬ አልታወቀም፤ ቢታወቅም አልቆጣውም፣ ልኳን ነው ያገኘው። ዕድሜዋን ሙሉ ዩኒቨርሲቲ ሂሳብ ስታስተምር፣ ሰሌዳ ፊት የቆመን ተማሪ ሁሉ የምትለው ያንኑ ነው። «አስገባኸው? እንግዲያው ክፈተው። ውስጡ ያለውን አሳየኝ።» ተማሪው «ግልጽ ነው» ያለ እንደሆነ ጠመኔውን ከእጁ ትቀበለዋለች። «ግልጽ ነው» የሚለውን ቃል እንደ ስድብ ነው የምትሰማው።

እኔ ታናሿ ነኝ፤ ልብስ ሰፊ። የቤታችን ታችኛው ክፍል የእኔ ሱቅ ነው፣ ላይኛው መኖሪያችን። ሱቅ ስል ትልቅ ነገር እንዳይመስላችሁ፤ አንድ የስፌት ማሽን፣ አንድ የመቁረጫ ጠረጴዛ፣ አንድ ካውያ፣ እና ሰው አምጥቶ የረሳቸው ኮቶች የተሰቀሉበት ብረት። አዲስ ልብስ የሚያሰፋ ሰው ጠፍቷል። የምኖረው በማጥበብ፣ በማሳጠርና ዚፕ በመቀየር ነው። ሁለታችንም አላገባንም። እሷ «ጊዜ አጣሁ» ትላለች፤ እኔ ጊዜ ነበረኝ፣ ያጣሁት ትዕግሥት ነው።

ሥራዋን ሰው ሲጠይቀኝ «ሂሳብ» ብዬ እገላገላለሁ። እሷ ግን እኔን እንዲህ በቀላሉ አትገላግለኝም። ከዩኒቨርሲቲ ስትመለስ ቀጥታ ሱቁ ትገባና፣ ጫማዋን አውልቃ፣ ማሽኑ እየጮኸ ታስረዳኛለች።

«አየሽ ትንሼ፣» ትለኛለች፤ ፀጉሬ ሸብቶ እንኳ ትንሼ ነኝ፤ «ስለ ዓለም ሁሉ በቀጥታ ልናረጋግጠው የማንችለው ነገር አለ። ስለዚህ ትንሽ ዓለም እንወስዳለን፤ ሞዴል እንለዋለን። ከውጭ ሆነሽ ስታዪው አንድ፣ ሁለት፣ ሦስት እያልሽ የምትደረድሪው ነው። ውስጡ ላለ ሰው ግን ዓለም ማለት እሱ ነው፣ ሌላ የለም። ከዚያ እዚያ ያልነበረ አንድ አዲስ ነገር እንጨምርበታለን፤ ዓለሙ ሳይፈርስ ይሰፋል። ፎርሲንግ የምንለው ይኸው ነው።»

«ቢፈርስስ?»

«እንዳይፈርስብንማ ተሻጋሪ የሆነውን እንመርጣለን። ተሻጋሪ ማለት ምን መሰለሽ? ሳጥን ካስገባሽ፣ ሳጥኑ ውስጥ ያለውም አብሮ መግባት አለበት። በዚያ ውስጥ ያለውም፣ በዚያም ውስጥ ያለው፤ እስከ ታች፣ እስከ ባዶው ድረስ። ሳጥኑን አስገብተሽ ዕቃውን ውጭ ከተውሽው፣ ውስጥ ያለው ሰው የሳጥኑን ስም ያውቃል፣ ሲከፍተው ግን የሚያየው ሌላ ነው። ከውጭ ካለው ሰው ጋር አይግባባም። ተሻጋሪ ከሆነ ግን ሁለቱ ቢያንስ በትንንሹ ነገር ይስማማሉ፤ ለአንዱ ባዶ የሆነው ለሌላውም ባዶ ነው። አዲሱን ዓለም የምንሠራው ደግሞ ከስም ነው። ስሙን ትከፍቻለሽ፣ ውስጡ ያለውን ስም ትከፍቻለሽ፣ እንዲህ እያልሽ ትወርጃለሽ። ዕቃው ውጭ ከቀረ፣ ስም ከፍተሽ ምን ልታገኚ ነው?»

«እኔም እኮ የደንበኛ ኮት ስቀበል ኪሱን የምፈትሸው ለዚህ ነው። ኮቱን ከተቀበልኩ የኪሱም ዕዳ የእኔ ነው።»

«በቃ ገብቶሻል። ዲግሪሽን ውሰጂ።»

እንዲህ እንሳሳቃለን። ነገር ግን ከዚህ ሁሉ ሳጥንና ስም ሥር የተቀበረ አንድ ፍርሃት ነበራት፤ እሱን ከእኔ በቀር የሚያውቅ ሰው አልነበረም።

እናታችን የሞተችው መርሳት ይዟት ነው። መጀመሪያ የጠፋት የዕቃ ቦታ ነበር፣ ቀጥሎ የሰው ፊት። በመጨረሻ «ልጆቼ» የሚለው ቃል ብቻ ቀራት፤ ልጆቿ ግን እነማን እንደሆኑ ቃሉ ውስጥ አልነበረም። እህቴን እያየች «ልጆቼ መቼ ነው የሚመጡት?» ትላት ነበር። እግሯ ደግሞ አያርፍም፤ በሩ ገርበብ ካለ መንገድ ላይ ናት። እኔ የሰው ሱቅ ስፌት እማር ነበር፣ እህቴ አዲስ መምህርት ነበረች፣ ሰው ለመቅጠር አቅም አልነበረንም። ስለዚህ እህቴ ጠዋት ስትወጣ እናታችን የምትተኛበትን፣ የድሮ ቤታችንን የኋላ ክፍል በር በገመድ ታስረው ጀመር። አንድ ቀን ቀደም ብላ ስትመለስ እናታችን በሩን በመዳፏ እየዳሰሰች፣ «እባካችሁ፣ እኔ የዚህ ቤት ሰው አይደለሁም፣ ልሂድበት» እያለች ስትለምን ሰማቻት። እህቴ ገመዱን ለመፍታት እጇ እምቢ ብሏት በጥርሷ ነው የፈታችው።

ጨዋታችንን የጀመርነው ከዚያ በኋላ ነው። «ክፈቺው» እንለዋለን። እኔ አንድ ነገር እጠራለሁ፣ የአባባን ሱቅ ወይም የልጅነት ትምህርት ቤታችንን። እሷ ትከፍተዋለች፤ ውስጡ ያለውን ትዘረዝራለች፣ የዘረዘረችውንም ትከፍታለች፣ የሚከፈት እስኪያልቅ። ሲያልቅ «ጨረስኩ። ምን ጎደለ?» ትላለች። የእኔ ሥራ የጎደለውን መናገር ነው። ለሌላ ሰው የልጅ ጨዋታ ነው። እሷ ግን «ምን ጎደለ?» ስትል ድምጿ ይቀጥናል፣ መልሴን ሐኪም የምርመራ ውጤት እስኪነግረው እንደሚጠብቅ ሰው ትጠብቃለች። እኔም እጠብቃለሁ፤ የአንድ እናት ልጆች ነና።

ፀጉሯ መንጣት ሲጀምር አንድ እሑድ ጠራችኝ።

«እንደ እማማ ከሆንኩ በሬን እንዳታስሪብኝ።»

«ምን ቆርጦኝ?»

«እኔን ምን ቆርጦኝ ነበር? ቃልሽን ስጪኝ።»

ሰጠኋት። ከዚያ ሳስበው፣ እኔ ሞኟ መቼ እንደጀመራት በምን አውቃለሁ? ጠየቅኳት።

«ስፈራ ካየሽኝ ደህና ነኝ» አለች። «የምፈራው ቀዳዳውን ሳየው ነው። ሳልፈራ ያየሽኝ ቀን ግን አንቺ ፍሪ።»

«ይኼ ደግሞ ምን ማለት ነው?»

«ዕቃው ውጭ የቀረ ሞዴል ሲገጥመን አንጥለውም። በውስጥ ያልተገኘውን እንዳልነበረ እንቆጥረውና፣ እያንዳንዱን ሳጥን በቀረው ልክ እንጨፈልቀዋለን። ያኔ ተሻጋሪ ይሆናል፤ ምንም የሚጎድለው የለም። ውስጡ ያለው ሰው መጨፍለቁን አያውቅም። ትልቁ ነገር ትንሽ ሆኗል፣ ለእሱ ግን አሁንም ትልቅ ነው። እማማ መጨረሻ ላይ ስትስቅ አልነበር የምትውለው?»

ይህን ያለችው ለእኔ ለልብስ ሰፊዋ ነው። ከስቶ የመጣ ደንበኛ ኮት ሳጠብ፣ ስፌቱን ፈትቼ ትርፉን እቆርጣለሁ፣ ገበሩን መልሼ እዘጋለሁ። ሰውየው መስታወት ፊት ቆሞ ደስ ይለዋል፤ ልኩ ነው። የተቆረጠውን የምታውቀው ወለል የምትጠርገው ሴት ብቻ ናት። ያን ቀን የጠረግኩትን ቁራጭ ሁሉ እያየሁ ሰውነቴ ቀዘቀዘ።

ከዚያ በኋላ ጊዜው አለፈ። ምንም አልሆነችም፤ እኔም ረሳሁት ማለት ይቻላል። ረጅሙ እስኪመጣ ድረስ።

ረጅሙ ከተማሪዎቿ አንዱ ነው። ሰው ሁሉ ሱሪ ሊያሳጥር ሲመጣ እሱ ሊያስረዝም የሚመጣ፣ ትልቅ ሰው፣ የልጆች አባት፤ ለዶክትሬቱ ከእሷ ጋር የሚሠራ። ያን ዕለት ሱሪውን ጠረጴዛው ላይ አስቀምጦ አልሄድ አለ።

«ሁለት ጣት ያህል ትርፍ አለው፣ ይለቀቃል» አልኩት።

«እትዬ፣ ነገሩ ስለ ሱሪው አይደለም።» አንገቱን አቀረቀረ። «እሳቸው ሰሞኑን ደህና ናቸው?»

«ምን ሆነች?»

«ሰሌዳው ላይ ትንሽ ሞዴል ወሰዱ፣ የምትቆጠር። ውስጧ አንድ የማይቆጠር ስብስብ አለ፤ እሱ ችግር የለበትም፣ እንዲያ ይሆናል። ከዚያ ‹የስብስቡ አባላትም ሁሉ እዚሁ ውስጥ አሉ› ብለው ጻፉና ቀጠሉ። እትዬ፣ አይሆንም እኮ። የማይቆጠረው በምትቆጠረው ውስጥ እንዴት ሙሉ ለሙሉ ይገባል? ሞዴሏ ተሻጋሪ አልነበረችም። ይህ እኮ እኛን ሁልጊዜ የሚቀጡን ስህተት ነው፤ ጀማሪ ነው የሚሳሳተው።»

«ልትፈትናችሁ ይሆናላ።»

«እኛም ወጥመድ መስሎን ነበር። አንዷ እጇን አውጥታ ‹ይከፈት› አለቻቸው። ሳቁና...» ሱሪውን አጥፎ መልሶ ዘረጋው። «‹ግልጽ ነው፣ ምን ይከፈታል?› አሉን።»

መቀሱን የት እንዳስቀመጥኩት ጠፋኝ።

«ለማን ነገራችሁ?»

«ለማንም። ዝም ባለ አፍ ዝንብ አይገባም ብለን ዝም አልን። ግን እትዬ፣ ሰኞ ሌላ ክፍል አላቸው።»

የሱሪውን ልኬት እንኳ ሳልወስድ ሸኘሁት። ከዚያ ተቀምጬ አንድ ቀሚስ ሰፋሁ፤ እጅጌውን ገልብጬ ገጠምኩት፣ ፈታሁት፣ መልሼ ገልብጬ ገጠምኩት። የፈሩት ይደርሳል፣ የጠሉት ይወርሳል ይላሉ። እኔ ተረት የማልወድ ሰው ነኝ፣ ያን ቀን ግን ከጭንቅላቴ አልወጣ አለ።

እህቴ መጣች፣ ጫማዋን አወለቀች። ብነግራት ምን ትሆናለች? ባልነግራት ሰኞ በሰው ፊት ምን ትሆናለች? እንደምንም ብዬ ነገርኳት። መጀመሪያ ተቆጣች። «የቱ? ረጅሙ? እሱ መች ገብቶት ያውቃል!» የልብስ ጠመኔዬን አንስታ ጥቁሩ ጨርቅ ላይ ያንኑ ጻፈችው። የጻፈችውን ጠቆመችኝ። «ይኸው፣ ምኑ ነው ስህ...»

ቆመች። ጣቷ ጨርቁ ላይ እንዳለ ቀረ። ፊቷ ላይ ያለው ደም ከግንባሯ ወደ ታች ሲወርድ አየሁት ብል ማጋነን አይደለም።

«አልከፈትኩትም» አለች። «ትንሼ፣ አልከፈትኩትም።»

«ደክሞሽ ነው እትዬ። ሰው ይሳሳታል።»

«ሰው ይሳሳታል። እኔ ግን እዚህ ላይ አልሳሳትም። ቀኝ እጅሽ የቱ ነው ብትባዪ ትሳሳቻለሽ?» ከዚያ ክንዴን ያዘችኝ፣ ጥፍሯ እስኪሰማኝ ድረስ። «የኋላውን ክፍል ጥሪልኝ። አሁኑኑ።»

«የኋላው ክፍል» አልኳት።

«አልጋ። አልጋው ላይ ቡናማ ብርድ ልብስ፣ ጠርዙ የተበላ። መስኮት፣ አንዱ መስታወት ተሰብሮ በካርቶን የተሸፈነ። የውሃ ጆግ። በር። በሩ ላይ ገመድ፤ ሰማያዊ፣ የፕላስቲክ። ድርብ ቋጠሮ። የቋጠርኩት እኔ።» ትንፋሿ ተቆራረጠ። «ጨረስኩ። ምን ጎደለ?»

«ምንም። እውነቴን ነው፣ ምንም።»

«ፈርቻለሁ፣ አይደል?»

«እየተንቀጠቀጥሽ ነው።»

«ጥሩ ነው» አለች፣ እንባዋ እየወረደ። «ጥሩ ነው።»

ሰኞ ክፍል አልገባችም። ለትምህርት ክፍሉ ኃላፊ ራሷ ሄዳ ነገረችው። ሰውየው እስከ ዓመቱ መጨረሻ ብትቆይ ብሎ ለመናት፤ ወይ ፍንክች። ረጅሙ መጻሕፍቷን ተሸክሞ ቤት አደረሰላት፤ ሲወጣ ደረጃው ላይ ፊቱን በእጅጌው ሲጠርግ አየሁት፣ ሱሪውን በነጻ አስረዘምኩለት።

ከዚያ ወዲህ የምንጫወተው በየቀኑ ሆነ። መጀመሪያ የሚጎድለው ጥቃቅን ነበር፤ የአባባ ሚዛን፣ የጎረቤት ስም። እነግራታለሁ፣ ትገረጣለች፣ «አዎ፣ አዎ፣ አስገቢው» ትላለች፣ እናስገባዋለን። በማግስቱ ያስገባነው ውጭ ወጥቶ ይጠብቀናል። እኔም ማታ ስተኛ የራሴን ሳጥኖች እየከፈትኩ እቆጥራለሁ፤ አንዱ ካልመጣልኝ ላብ ያጠምቀኛል፣ ሲመጣልኝ እንቅልፍ ይወስደኛል።

ከዕለታት አንድ ቀን ክር ለመግዛት ሮጥ ብዬ ስመለስ የሱቁ በር ወለል ብሎ ተከፍቷል። ወንበሯ ባዶ ነው። ላይ ወጣሁ፣ የለችም። መንገድ ላይ ወጥቼ በየት በኩል ልሩጥ ብዬ ስዞር፣ ከታች በኩል የመኪና ጡሩምባ ሰማሁ፤ አንድ ሁለት አይደለም፣ መንገዱ ሙሉ ይጮኻል። እህቴ መሐል መንገድ ላይ በባዶ እግሯ ቆማለች፤ ጠመኔ ይዛ አስፋልቱን ጎንበስ ብላ ታያለች። አንድ የጭነት መኪና ከፊቷ አንድ ክንድ እንኳ ሳይቀረው ቆሟል። ሾፌሩ አይሰድብም፤ መሪውን በሁለት እጁ እንደያዘ ፊቱ አመድ ሆኗል።

ከመንገዱ ማዶ ፋርማሲ ያላት ጎረቤታችን ነች አብራኝ የመለሰቻት። እህቴን ላይኛው ክፍል ካስተኛናት በኋላ ሱቁ ውስጥ ቀስ ብላ ነገረችኝ።

«እህቴ፣ አትቆጪኝ። ስትወጪ በር ቆልፊ።»

«አልችልም።»

«መኪና ገጭቷት ብትቀብሪያትስ ትችያለሽ?»

ልክ ናት። ልክ ስለሆነችም ጠላኋት። በማግስቱ ጠዋት የብረት ዕቃ መሸጫ ሄጄ ጓጉንቸር ቁልፍ ገዛሁ፤ ትንሽ፣ ከባድ። ሽርጤ ኪስ ውስጥ ከተትኩት። ማሽኑ ላይ ሳጎነብስ ጭኔ ላይ ይቀዘቅዘኝ ነበር።

ከሰዓት በኋላ የአንዲት ሙሽራ ቀሚስ ገበር አለቀብኝ፤ መውጣት ግድ ሆነ። እህቴ ጠረጴዛው አጠገብ ወንበሯ ላይ ቁጭ ብላ የልብስ ቁልፎችን በየቀለማቸው ትለያለች። ቦርሳዬን አንጠልጥዬ እሷን አየሁ፣ በሩን አየሁ፣ እሷን አየሁ። እጄ ኪሴ ውስጥ ነው።

«እንጫወት» አለች ቀና ብላ።

«ስመለስ እንጫወታለን።»

«አሁን። ዛሬ እኔ ልምረጥ። አንቺን ልክፈት።» ፈገግ አለች። «ትንሼ። ውስጧ ምን አለ? አፏ ውስጥ መርፌ አለ፣ ስትናገር የማይወድቅ። ንዴት አለ፣ በርከት ያለ። ሜትር አንገቷ ላይ። ሽርጥ። ሽርጡ ኪስ አለው።» የአስተማሪ ጣቷን አነሳች። «ኪሱ ከገባ የኪሱ ውስጥም መግባት አለበት። ክፈቺው። ምን አለ?»

መዋሸት እችል ነበር፤ መቀስ ነው ብላት ታምነኝ ነበር። ግን በዚህ ጨዋታ ዋሽቼ አላውቅም። ቁልፉ እንደተሰካበት አወጣሁትና መዳፏ ላይ አስቀመጥኩት።

አገላበጠችው። ዘጋችው፤ ቀጭ አለ። በቁልፉ ከፈተችው። እኔ ጓጉንቸሩን አላየሁም፤ ፊቷን ነው ያየሁት። እንድትፈራ ለመንኩ። በሕይወቴ ለእህቴ እንዲህ ያለ ክፉ ነገር ተመኝቼላት አላውቅም፤ ትገርጣ፣ ትጩህ፣ ቃልሽን በላሽ ብላ ትስደበኝ፣ ፊቴ ላይ ትወርውረው። ግንባሯ ለስላሳ ነበር። እጇም አልተንቀጠቀጠም።

«ጓጉንቸር» አለች። «ውስጡ ባዶ ነው። ጨረስኩ። ምን ጎደለ?»

«የኋላው ክፍልስ?» አልኳት።

«የቱ የኋላ ክፍል?» ትንሽ አሰበች፤ ከዚያ የተሳሳተ ተማሪ እንደምታርም ሁሉ በትዕግሥት ራሷን ነቀነቀች። «ቤታችን የኋላ ክፍል አልነበረውም እኮ፣ ትንሼ። ተሳስተሻል።»

አልተከራከርኳትም። ወንበር ስቤ አጠገቧ ተቀመጥኩ። ጓጉንቸሩን መለሰችልኝ፤ ብረቱ ከእጇ ሙቀት የተነሳ ለብ ብሎ ነበር።

«ለማን በር ነው የገዛሽው?»

«ለእኔ» አልኳት።

አመነችኝና ወደ ቁልፎቿ ተመለሰች። ያን ቀን ገበሩን ሳልገዛ ዋልኩ። ጓጉንቸሩን መሳቢያ ውስጥ ጣልኩት፣ መሳቢያውን ዘጋሁት። ከዚያ ለብቻዬ፣ ከንፈሬን ሳላንቀሳቅስ፣ የኋላውን ክፍል ከፈትኩት። አልጋ። ብርድ ልብስ። በካርቶን የተሸፈነ መስኮት። ጆግ። በር። በሩ ላይ ገመድ አለ። ሰማያዊ ነው። ሰማያዊ መሆኑን እሷ ነግራኛለች፤ ለእኔ ግን፣ ያኔ በየማታው አየው የነበረው ገመድ፣ ብፈልግ፣ ብፈልግ አልታይ አለኝ።